ተዘበራርቀው የሚመጡ አረፍተ ነገሮች፦ ለ12ኛ ክፍል ኢንግሊሽ ተፈታኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንትራንስ ሲቃረብ ተማሪዎች ስለ ኢንግሊሽ ከሚጠይቁኝ ውስጥ አብዛኛው ስለዚህ ክፍል ነው፣ ማለት አረፍተ ነገሮቹ ተዘበራርቀው ይመጡና ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ምረጡ የሚለው። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች በከንቱ ነጥብ ሲጥሉ አያለሁ፣ ስለማይችሉ ሳይሆን እንዴት እንደሚሰራ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ስለዚህ የሚጠየቁትን ሰብስቤ በዝርዝር ልመልስ። የአንቀጽ ምሳሌዎቹን ሆን ብዬ በአማርኛ አደረግኳቸው፣ ዘዴው በየትኛውም ቋንቋ ያው ስለሆነ መጀመሪያ ሎጂኩን በራሳችሁ ቋንቋ ያዙት፣ ከዛ ኢንግሊሹ ላይ መሞከር ቀላል ነው። ምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው በትክክል ምን ይመስላል?

ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አራት ወይ አምስት አረፍተ ነገር ተቀላቅሎ ይሰጥና አንድ አንቀጽ እንዲሆን ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ አረፍተ ነገር ቃላት ይበታተኑና ትክክለኛውን አደራደር መምረጥ ነው፣ ወርድ ኦርደር የሚባለው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚፈትኑት ነገር ለየቅል ነው፣ የመጀመሪያው ሀሳብ ከሀሳብ እንዴት እንደሚያያዝ ነው፣ ሁለተኛው ግራመር ነው። ስለዚህ የማስተምራችሁም ለየብቻ ነው፣ ብዙውን ቦታ ለአንቀጹ ሰጥቼዋለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዛ ነው።

ኢንግሊሽ ላይ ደካማ ነኝ፣ ይሄን ክፍል ልዝለለው?

በፍጹም። እንደውም ኢንግሊሹ ለሚከብደው ተማሪ ከፈተናው ውስጥ በጣም የሚያዋጣው ክፍል ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ቮካቡላሪ ላይ ቃሉን ካላወቅከው አታውቀውም፣ አለቀ። እዚህ ግን ከአስር ቃል ሶስቱን ባታውቅ እንኳን "ሂ"፣ "ዚስ"፣ "ሀውኤቨር"፣ "አናዘር" የሚሉትን ትናንሽ ቃላት አይተህ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚመጣ ማወቅ ትችላለህ። መልሱን የሚይዙት ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም፣ እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው።

ደግሞ ነጥብ የሚናቅበት ጊዜ አይደለም። የ2014 ዓ.ም ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን ያለፈው ተማሪ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመትም ያው ሶስት በመቶ አካባቢ ነው። ለአንድ ሁለት ነጥብ ብለው ሬሜዲያል የገቡ ወይም እቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ስለዚህ እባካችሁ ማንንም ክፍል አትተዉ።

ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ሁሉንም አንዴ በፍጥነት አንብብ፣ ለማስተካከል ሳትሞክር፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ለማወቅ ብቻ። ይሄን የሚዘል ተማሪ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው፣ አንደኛውን አረፍተ ነገር አንብቦ ወዲያው ቦታ ሊሰጠው ይሞክራል።

ከዛ መክፈቻ መሆን የማይችሉትን አስወጣ። "መክፈቻው የቱ ነው" ብለህ ከመፈለግ "የትኞቹ መክፈቻ መሆን አይችሉም" ብለህ ብትጠይቅ በጣም ይቀላል። በ"ሂ"፣ "ሺ"፣ "ዜይ"፣ "ኢት" የሚጀምርና ማንን እንደሚል ያላወቅነው አረፍተ ነገር መክፈቻ አይሆንም። "ሀውኤቨር"፣ "ዜርፎር"፣ "ሞርኦቨር"፣ "ፎር ኢግዛምፕል" ይዞ የሚመጣም አይሆንም፣ ከፊቱ የሆነ ሀሳብ መኖር አለበትና። "ዚስ ፕሮብሌም"፣ "ሰች ፒፕል" የሚልም እንደዛው፣ የትኛው ፕሮብሌም? የምን አይነት ሰዎች? ብዙ ጊዜ እንደዚህ ስታስወጣ አንድ ወይ ሁለት ብቻ ይቀሩሃል።

አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ፣ "ኢት ኢዝ ኢምፖርታንት ቱ..." በሚለው ውስጥ ያለው "ኢት" ወደ ኋላ የሚጠቁም አይደለም፣ እንዲህ ያለው አረፍተ ነገር መክፈቻ መሆን ይችላል።

መክፈቻውን አገኘሁ፣ ቀሪዎቹን ግን ማስተካከል አቃተኝ፣ ምን ላድርግ?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሙሉውን ሰንሰለት በአንዴ ለመገጣጠም አትሞክር፣ ጥንድ ፈልግ። የማይነጣጠሉ ሁለት አረፍተ ነገሮች፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም። አንድ ጥንድ ካገኘህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል፣ ሁለት ካገኘህ ደግሞ ጨረስክ ማለት ነው። ይሄንን እንይ፦

1. ከአራት ዓመት በኋላም ቶኪዮ ላይ ይህንኑ ድል ደገመው።
2. አበበ ቢቂላ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ አትሌት ነው።
3. በዚህም የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።
4. ሆኖም በ1969 የደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ አደረገው።
5. ያም ሆኖ ከስፖርት አልራቀም፣ በዊልቸር ሆኖ በቀስት ውድድር ተካፈለ።

ምርጫዎቹ፦ ሀ) 2-4-1-3-5 ለ) 2-1-3-4-5 ሐ) 1-3-2-4-5 መ) 2-3-1-4-5

መክፈቻው 2 መሆኑ ግልጽ ነው፣ የሰውየውን ስም ሙሉ በሙሉ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐ ወጣ። አሁን ጥንድ እንፈልግ። 3 "ሁለት ጊዜ ያሸነፈ" ይላል፣ ሁለተኛው ድል ያለው 1 ላይ ነው፣ ስለዚህ 1 ከ3 በፊት መምጣት አለበት፣ እና "በዚህም" የሚለው ቃል ደግሞ ወዲያው ከኋላው ያስቀምጠዋል። 1-3 የማይነጣጠል ጥንድ ሆነ ማለት ነው። መ 3ን ከ1 በፊት ስላደረገው ወጣ። ሀ እና ለ ቀሩ። ሁለቱም 1-3 አላቸው፣ ታዲያ 4 የት ይግባ? "ያም ሆኖ ከስፖርት አልራቀም" የሚለው 5 አደጋውን ነው የሚመልሰው፣ ከ4 ቀጥሎ ካልሆነ ትርጉም አይሰጥም፣ ደግሞ ከ1969 አደጋ ቀጥሎ "ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ" ከተባለ ታሪኩ ይበላሻል። መልሱ ለ። አስተውላችሁ ከሆነ ስለ አበበ ቢቂላ ምንም የማያውቅ ሰውም ይሄን መስራት ይችላል፣ አረፍተ ነገሮቹ ራሳቸው ይነግሩታል።

ጥንድ እንዳለ በምን አውቃለሁ? የሚሸመደድ ነገር አለ?

ሽምደዳ ባልወድም እነዚህን ግን ማወቅ ይጠቅማል።

ትልቁ ምልክት ተውላጠ ስም ነው። "ዜይ" ካየህ ብዙ ቁጥር የሆነ ስም ያለበትን አረፍተ ነገር ፈልግ፣ "ሺ" ከሆነ ሴት የተጠቀሰችበትን። ነጠላና ብዙ ቁጥሩን ብቻ በማየት የሚፈታ ጥያቄ በጣም ብዙ ነው፣ ልጆች ግን ትርጉሙ ላይ ተጠምደው ይሄን ያልፉታል።

ሁለተኛው "ኤ" እና "ዘ" ናቸው። እነዚህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይከብዳሉ፣ እኛ "ሰውዬው" ስንል መጨረሻው ላይ ነው የምንቀጥለውና ከፊት የሚመጣ ቃል ላይ ማተኮር አልለመድንም። ኢንግሊሹ "ኤ ፋርመር" ካለ አዲስ ሰው እያስተዋወቀን ነው፣ "ዘ ፋርመር" ካለ ግን ቀድሞ ያወቅነውን ነው። ስለዚህ "ኤ ፋርመር" ያለበት ይቀድማል።

ሶስተኛው ሙሉ ስምና አጭር ስም ነው። አንዱ "ዘ ወርልድ ሄልዝ ኦርጋናይዜሽን" ብሎ ሌላው "ዳብሊው ኤች ኦ" ካለ ሙሉው ይቀድማል። የሰው ስምም ከነአባት የተጠራው ከፊት፣ በአንድ ስም ብቻ የተጠራው ከኋላ ነው።

አያያዥ ቃላትን በተመለከተ "ሀውኤቨር" እና "ኦን ዘ አዘር ሀንድ" ከፊታቸው ተቃራኒ ሀሳብ ይፈልጋሉ፣ "ዜርፎር" እና "አዝ ኤ ሪዘልት" ምክንያት ይፈልጋሉ፣ "ሞርኦቨር" እና "ኢን አዲሽን" ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ሀሳብ ይፈልጋሉ፣ "ፎር ኢግዛምፕል" ደግሞ ከራሱ ሰፋ ያለ አጠቃላይ ሀሳብ ይፈልጋል። "አናዘር ሪዘን" ካየህ የመጀመሪያው ሪዘን የሆነ ቦታ አለ፣ ፈልገው።

መጀመሪያ የሚመጣው ሁልጊዜ ዋናውን ርዕስ የሚጠራው ነው?

አይደለም፣ ይሄ በጣም የተለመደ ወጥመድ ነው። ይሄን ተመልከቱ፦

1. ጉዞውን የሚጨርሰውም ጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው አቤ ሐይቅ ነው።
2. ከነዚህ በተለየ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ባህር ሳይደርስ ይቀራል።
3. ብዙዎቹ ትላልቅ የኢትዮጵያ ወንዞች ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ።
4. ለምሳሌ አባይ ወደ ሱዳን ዋቢ ሸበሌ ደግሞ ወደ ሶማሊያ ይፈሳሉ።

አንቀጹ ስለ አዋሽ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ተማሪ በ2 ይጀምራል። ግን "ከነዚህ በተለየ" ይላል፣ ከየትኞቹ? ትክክለኛው 3-4-2-1 ነው፣ ጸሐፊው መጀመሪያ ስለ ሌሎቹ አጠቃላይ ነገር ተናግሮ፣ ምሳሌ ሰጥቶ፣ ከዛ ነው ወደ አዋሽ የሚዞረው። ኢንግሊሽ አንቀጾች ላይ "ሜኒ ፒፕል ቢሊቭ..." ብሎ ጀምሮ ከዛ "ሀውኤቨር" ብሎ ወደ ዋናው ሀሳብ መዞር በጣም የተለመደ ነው፣ ልብ በሉት።

ቾይሶቹን መጀመሪያ ባይስ?

ከአንድ ንባብ በኋላ ከሆነ እሺ፣ ሳታነብ ግን አይሆንም። አንብበህ መክፈቻውን ከገመትክ በኋላ ወዲያው ወደ ቾይሶቹ ሂድ፣ ከራስህ ጭንቅላት ሙሉ ቅደም ተከተል ሰርተህ መጨረስ የለብህም፣ አምስት አረፍተ ነገር በ120 መንገድ ሊደረደር ይችላል፣ ቾይስ ላይ ያሉት ግን አራት ብቻ ናቸው። ሶስቱ በአንድ ቁጥር ጀምረው አንዱ ብቻ በሌላ ቢጀምር ግን "የብዙሃኑ ይበልጣል" ብለህ እንዳትመርጥ፣ ፈታኞች ይሄንን ያውቁታል።

ሁለት ቾይስ ቀርተውኝ መወሰን ሲያቅተኝስ?

የሚለያዩበትን ቦታ ብቻ ተመልከት። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቾይሶች በአንድ ቦታ ነው የሚለያዩት፣ 3-4 ወይስ 4-3 የሚል አይነት፣ ስለዚህ ሁሉንም እንደገና ማንበብ አያስፈልግም፣ እነዛን ሁለቱን ብቻ በሁለቱም መንገድ ድምጽ ሳታሰማ አንብባቸው። መቀያየር ከቻሉና ምንም ካልተሰማህ ከነሱ በፊትና በኋላ ካለው ጋር አገናኛቸው፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ይታያል።

እሱም ካልሆነ አንዱን አጥቁርና እለፍ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ባዶ መተው ግን እርግጠኛ ኪሳራ ነው።

ስንት ደቂቃ ልስጠው?

ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አትቆይ። ፓሳጁ ጊዜ ስለሚበላ ይሄን ክፍል ከፓሳጁ በፊት መስራት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሌላ አስተማሪ ሌላ ሊላችሁ ይችላል፣ ሞዴል ፈተና ላይ ሁለቱንም ሞክራችሁ የሚስማማችሁን ያዙ። ክፍል ቀያይራችሁ ስትሰሩ ግን አንሰር ሺት ላይ የጥያቄ ቁጥር እንዳታሳስቱ በጣም ተጠንቀቁ። በኦንላይን የምትፈተኑ ደግሞ ስክሪን ላይ ማስመር ስለማይቻል ያገኛችሁትን ጥንድ በቁጥር ወረቀት ላይ ያዙት፣ በጭንቅላት ብቻ ከያዛችሁት ይጠፋችኋል።

ቃላት ተበታትነው የሚመጡትስ እንዴት ይሰራሉ?

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላታችን የራሳችን አማርኛ ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፣ ኢንግሊሽ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው የሚፈልገው። ገላጩንም እኛ ከስሙ በፊት እናመጣለን፣ "ትናንት ከጎንደር የመጣው ልጅ ወንድሜ ነው" እንላለን፣ ኢንግሊሹ ግን "ዘ ቦይ ሁ ኬም ፍሮም ጎንደር የስተርደይ ኢዝ ማይ ብራዘር" ነው፣ ልጁ ቀድሞ ገላጩ ይከተላል። ይሄን የገባው ሰው ወርድ ኦርደር ላይ ግማሹን ስህተት ያስቀራል።

ስትሰራ ዋናውን ግስ መጀመሪያ አግኝ። ከዛ ከግሱ ጋር በቁጥር የሚስማማውን ባለቤት ፈልግ፣ "አር" ካለ ብዙ ቁጥር፣ "ኢዝ" ካለ ነጠላ። ከዛ ሌላውን ዙሪያው ላይ ደርድር።

ተደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ናቸው። "ኦልዌይስ"ና "ኔቨር" የመሳሰሉት ከዋናው ግስ በፊት ነው የሚገቡት፣ "ቱ ቢ" ካለ ግን ከሱ በኋላ፣ "ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት" ግን "ሂ ኦልዌይስ ካምስ ሌት"። "ኢናፍ" ከቅጽሉ በኋላ ነው፣ "ኦልድ ኢናፍ" እንጂ "ኢናፍ ኦልድ" አይባልም። ቅጽሎች ሲደራረቡ አስተያየት፣ መጠን፣ እድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ አገር፣ የተሰራበት ነገር በሚል ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፣ "ኤ ቢውቲፉል ስሞል ኦልድ ውድን ቦክስ"። ጥያቄ አረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጥያቄነቱን ያጣል፣ "አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ሊቭስ" ነው፣ "ዌር ዳዝ ሂ ሊቭ" እዚህ ውስጥ አይገባም፣ በዚህች ብቻ ስንቱ ልጅ ነጥብ እንደሚያጣ አያለሁ። የዚህ ተቃራኒ "ኔቨር"፣ "ሃርድሊ"፣ "ኖት ኦንሊ" አረፍተ ነገር ሲጀምሩ ነው፣ ያኔ ጥያቄ ባይሆንም እንደ ጥያቄ ይገለበጣል፣ "ኔቨር ሃቭ አይ ሲን..."።

ይሄ ዘዴ ለውጭ ፈተናዎችም ይሰራል?

ይሰራል፣ ህጉ ግን ይለያያል። ፒቲኢ በሚባለው የኢንግሊሽ ችሎታ መለኪያ ፈተና ላይ የአንቀጽ ማስተካከል ጥያቄ አለ፣ ቾይስ የለውም፣ ራስህ ነህ የምትደረድረው፣ ነጥቡ ግን ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ጎን ለጎን ጥንድ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ጥንድ ፈላጊ የሆነ ሰው ሙሉው ባይሳካለት እንኳን ነጥብ ያገኛል። ቶፍል ላይ ደግሞ ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ ቃላትን አስተካክሎ አረፍተ ነገር መስራት ራይቲንግ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል።

በምን ልለማመድ?

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ስሩ፣ ከሁሉም ይበልጣሉ። ግን መልሱን አይታችሁ እንዳታልፉ፣ ለምን ሌሎቹ ሶስቱ እንደወጡ በአንድ ቃል ጎኑ ላይ ጻፉ፣ "ዜይ ማን?" ወይም "ሀውኤቨር ተቃራኒ የለውም" ብላችሁ። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁ ሺቶች ውስጥ መልሳቸው የተሳሳተ አለ፣ ምክንያቱን ራሳችሁ ካላገኛችሁት መልሱን አትመኑት።

ሺት ካለቀባችሁ የ12ኛ ክፍል መጽሐፉን አውጡና ከአንድ ፓሳጅ ላይ አንድ አንቀጽ በየአረፍተ ነገሩ ብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ በውዙት፣ በማግስቱ አስተካክሉት። ከጓደኛ ጋር ተቀያይሮ መስራት ደግሞ የበለጠ ነው ምክንያቱም ለምን እንዳላችሁ መከራከር አለባችሁ፣ ክርክሩ ነው የሚያስተምረው።

አንድ ከበድ ያለ ስጠን?

እሺ፣ ይሄን ራሳችሁ ሞክሩት መልሱን ከማየታችሁ በፊት፦

1. ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ግን ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ በ1917 ነው።
2. ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ።
3. ዛሬ በዚህ አሮጌ ሐዲድ ምትክ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ይሰራል።
4. የመጀመሪያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።
5. በእነዚህ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ድሬዳዋ ላይ ወርዶ ቀሪውን መንገድ በከብት ይጓዝ ነበር።

ብዙ ሰው 4-2-5-1-3 ይላል፣ በጊዜው ካየነው 5 ላይ የተነገረው ነገር ከ1917 በፊት የሆነ ነው። ግን "በእነዚህ ዓመታት" የሚለው የትኞቹን ዓመታት ነው? 2 ላይ የተጠቀሱት ሐዲዱ ድሬዳዋ ሳይደርስ ያለፉ ዓመታት ናቸው፣ ያኔ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የሚወርድ የባቡር ጭነት የለም። 15ቱ ዓመታት የተጠቀሱት 1 ላይ ነው፣ ስለዚህ 5 ከሱ ቀጥሎ ይገባል። ጊዜና ጠቋሚ ቃል ሲጋጩ ጠቋሚውን ቃል እመኑ፣ ጸሐፊ ወደ ኋላ ተመልሶ ማውራት ይችላል፣ "እነዚህ" የሚል ቃል ግን የሚያመለክተው ነገር ሳይኖር መምጣት አይችልም። መልሱ 4-2-1-5-3 ነው።